መኪናውን ሳይሆን ሊብሬውን ኮረጅኩ

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ። አሮጌ የጭነት መኪና ያላችሁ፣ ጋራዥ ያላችሁ፣ ወይም «ይቺን መኪና እንዲህ አድርገን ብንለውጣት» እያለ የሚያስብ ወንድም ያላችሁ ሰዎች እስከ መጨረሻው ብታነቡት ደስ ይለኛል። የቀድሞ ተማሪዎቼም አንብቡት። መምህራችሁ ሲኮርጅ የተያዘበት ታሪክ ስለሆነ ትዝናኑበታላችሁ።

አባታችን ትቶልን የሄደው ንብረት አንድ ኤንትሬ ነው። ወጣቶቹ ላታውቁት ትችላላችሁ። ፊያት 682 ኤን 3 የሚባለው የጣሊያን የጭነት መኪና ነው። ጣሊያኖቹ ፊደልና ቁጥሩን «ኤነ ትሬ» ብለው ስለሚጠሩት በእኛ አፍ «ኤንትሬ» ሆነ። አፍንጫ የሌለው ጠፍጣፋ ፊት፣ ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር፣ ከሩቅ የሚለይ ድምፅ። የአሰብን መንገድ የሚያስታውስ የወሎ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አባቴም አሰብ ወደባችን መሆኑ እስካበቃበት እስከ 1990 ድረስ በዚያ መንገድ ተመላልሶበታል። እኛን ያበላን፣ ያስተማረን ይህ መኪና ነው።

አባታችን ካረፈ በኋላ ኤንትሬው ግቢ ውስጥ ቆሞ ከረመ። ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ካሶኒው በስብሷል፣ ጭነት የሚሰጠን ሰው የለም። ለብረት ነጋዴ በኪሎ እንሽጠው የሚል ሐሳብ ሲነሳ ታላቅ ወንድሜ እንባ አውጥቶ አለቀሰ። እሱ ሾፌር ነው። ከዚያ አንድ ሐሳብ አመጣ። ደሴ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ውሃ ይፈልጋል። ካሶኒውን አውርደን የውሃ ቦቴ እንጫንበት አለ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ። ካቻምና ጥር ላይ ካሶኒው ወረደ፣ ቦቴው በላሜራ ተበየደ። ሞተሩም ከአዲስ አበባ በመጣ ያገለገለ ሞተር ተቀየረ። ሥራው ሲያልቅ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ ከፊቱ ላይ የአባታችን ጥቅስ ሳይነካ እንዳለ ቀርቶ፣ እናቴ እልል ስትል ትዝ ይለኛል።

መጋቢት ላይ ኢንሹራንስ የሚታደስበት ቀን ደረሰ። ቤተሰቡ ውስጥ ጽሑፍ ያለበት ነገር ሁሉ የእኔ ሥራ ነው፤ መምህር ነኛ! የማመልከቻውን ፎርም ተቀብዬ ቁጭ አልኩ። የመኪናው ዓይነት? ሊብሬውን ገለጥኩ፤ «ደረቅ ጭነት» ይላል። ደረቅ ጭነት ብዬ ጻፍኩ። የሞተር ቁጥር? ሊብሬው ላይ ያለውን ቁጥር አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ዋጋ? «ዝቅ አድርገው፤ ክፍያው እንዳይበዛ» አለኝ ወንድሜ። 400,000 ብር ብዬ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ «ከላይ የሰጠሁት መረጃ ትክክል ነው» የሚል አረፍተ ነገር ነበር። ወንድሜ ከሥሩ ፈረመ።

ልብ በሉ፤ መኪናው በመስኮቱ በኩል ይታየኛል። ሰማያዊ ቦቴ ተሸክሞ ግቢው መሃል ቆሟል። እኔ ግን ወረቀቱን አይቼ ወረቀት ሞላሁ። ተማሪ ቤተ ሙከራ ገብቶ ሙከራውን ሳይሠራ ከጓደኛው ደብተር ላይ ውጤቱን ሲገለብጥ የማደርገውን ታውቃላችሁ። ዜሮ ነው የምሰጠው።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ወንድሜ ቁልቁለት እየወረደ ሳለ አንድ ሕፃን መንገድ ገባበት። ፍሬን ያዘ። መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ከዚያ ከኋላ የሆነ ነገር እንደገፋው ሆኖ ወደ ፊት ተወረወረ። ወንድሜ መሪውን ሰብሮ ከሕፃኑ አዳነው። የቆመች ባጃጅ ጨፍልቆ የድንጋይ አጥር ላይ ገብቶ ቆመ። ባጃጇ ውስጥ ሰው አልነበረም፤ ተመስገን። የወንድሜ ቀኝ እግር ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ከኋላ የገፋው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ከዚህ አላልፍም።

ቦቴው 1.6 ሜትር ወርድ፣ 5 ሜትር ርዝመት አለው። ስታሰሉት 10,000 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሒሳቡን የሠራሁላቸው እኔው ነኝ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ ሙሉ ሲሆን ውሃው ብቻ 100 ኩንታል ይመዝናል፤ የቦቴው ብረት ደግሞ ከነእግሩ 12 ኩንታል ገደማ። የእኛ ሊብሬ ላይ የተጻፈው የመጫን አቅም 80 ኩንታል ነው። ወንድሜ ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ «እንዳይከብደው» ብሎ 6,500 ሊትር ላይ ያቆማል። 65 እና 12፣ 77 ኩንታል። በክብደት ከታየ ትክክል ነው።

ችግሩ ያለው ባዶው ቦታ ላይ ነው። ሙሉ ቦቴ ውስጥ ያለ ውሃ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ያልሞላ ቦቴ ውስጥ ያለ ውሃ ግን መኪናው ሲቆም እሱ አይቆምም። ኢነርሺያ ነዋ! ስድስት ቶን ተኩል ውሃ አምስት ሜትር ተንደርድሮ የፊተኛውን ግድግዳ ይመታል። መታጠፊያ ላይ ሲሆን ደግሞ ወደ ጎን ይሄድና መኪናውን ሊገለብጠው ይችላል። ለዚህ ነው በሥርዓት የሚሠራ ቦቴ ውስጡ ቀዳዳ ባላቸው መከፋፈያ ላሜራዎች የሚከፋፈለው፤ ውሃው እንዲያልፍ እንጂ እንዳይንደረደር። የእኛ ቦቴ ውስጡ ባዶ ነበር። በያጁም የሠራው ቆርቆሮ ጋን እንጂ የሚሮጥ ጋን አልነበረም። እኔም ይዘቱን አስልቼ እንቅስቃሴውን ረሳሁት። ይህን ርዕስ በየዓመቱ አስተምራለሁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ።

ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ፕላን ተነሳ። የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይገጥምም። ሊብሬው ደረቅ ጭነት ይላል፤ መኪናው ቦቴ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ነበር መሰላችሁ? «ይህ ሞተር የማን ነው?» ወንድሜ እግሩ በጀሶ ታስሮ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እኛ ሞተሩ ያልተሰረቀ መሆኑን ስናስረዳ ዋልን። ደረሰኝ የለንም። በእጅ የተጻፈች የሽያጭ ወረቀት ብቻ ነበረችን።

ኢንሹራንሱስ? የባጃጇን ባለቤት በሦስተኛ ወገን ሽፋኑ ካሰው። ለዚህ አመሰግናለሁ። የእኛን መኪና ግን አልክስም አለ። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ ሽፋን የተሰጠውና አደጋ የደረሰበት መኪና የተለያዩ ናቸው፣ የአጠቃቀም ለውጡም አልተነገረንም የሚል። ተናደድኩ። «ዓረቦን ሲቀበሉ ዓይናቸው አያይም፣ ካሳ ሲሉ ይበራል» እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ጠበቃ ዘንድም ሄድኩ።

ጠበቃው ፎርሙን አነበበና «ይህን የሞላው ማነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ጽሕፈትህ ያምራል» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

በኋላ ሕጉን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የመድን ጉዳይ የሚገኘው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ውስጥ ነው። በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ እንኳ ይህ ክፍል አልተሻረም፤ እንደጸና ነው። መድን የሚገባ ሰው ስለሚያስገባው ንብረት የሚያውቀውን በትክክል መናገር አለበት ይላል። ውሉ ከተፈረመ በኋላም አደጋውን የሚያባብስ ለውጥ ካለ ማሳወቅ አለበት። ምዝገባውን የሚመለከተው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። የሞተር፣ የሻንሲና የቦዲ ለውጥ በባለቤቱና በጋራዡ መሃል የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማወቅ አለበት። የሦስተኛ ወገኑ መድን አዋጅ 799/2005 ያለ መድን መንዳትን ይከለክላል። ሦስቱንም ከአደጋው በኋላ ማንበቤ ነው እንጂ የሚያሳፍረው፣ አማርኛቸውስ ያን ያህል አይከብድም።

ሌላም ነገር ተማርኩ። እንበልና ኩባንያው እሺ ብሎ ቢክሰን ኖሮ ስንት ይደርሰን ነበር? ጥገናው 280,000 ብር ተገመተ። መኪናው ከነቦቴው በወቅቱ ገበያ 1,000,000 ብር ያወጣል። እኛ ያስመዘገብነው 400,000 ነው። ንብረትህን ከዋጋው በታች ካስመዘገብክ የቀረውን ድርሻ አንተው ራስህ እንደተሸከምክ ይቆጠራል። 40 በመቶውን ነው ያስመዘገብነው፤ ስለዚህ የሚደርሰን የጉዳቱ 40 በመቶ ነው። 112,000 ብር። ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት ባለንብረቱ የሚችለው የመጀመሪያ ድርሻ ይቀነሳል። ክፍያው እንዳይበዛ ብለን በዓመት ያተረፍነው ጥቂት ሺህ ብር ነበር። ይህን ሒሳብ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል።

እስካሁን የተናገርኩት የእኛን ጥፋት ነው። አሁን ግን ሌላውን ወገን ልናገር፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነውና።

«ሕጋዊ እንሁን» ብለን ስንነሳ የገጠመን ነገር ያሳዝናል። ወረቀቱን ለማስተካከል ዘጠኝ ወር ፈጀብን። የምዝገባው መስኮት ጋ ስሄድ የሞተሩን የጉምሩክ ሰነድ አምጣ ተባልኩ። ሞተሩ ሀገር ውስጥ ከቆመ መኪና ላይ የወረደ ነው፤ የጉምሩክ ሰነዱ ከየት ይመጣል? የሞተሩን ሻጭ ፈልጌ የወረደበትን መኪና ሊብሬ ቅጂ ለማግኘት አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ቦቴውን የሠራው ፈቃድ ያለው የቦዲ ሥራ ድርጅት መሆን አለበት ተባልኩ፤ የእኛ በያጅ ፈቃዱ የበርና የመስኮት ነው። የቴክኒክ ምርመራ አድርግ ተባልኩ፤ ለምርመራው መኪናው መንቀሳቀስ አለበት፤ ለመንቀሳቀስ ሰሌዳው መመለስ አለበት፤ ሰሌዳው የሚመለሰው ምርመራው ሲያልፍ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ብቻውን ሲታይ ልክ ነው። ማንም ሰው ክፉ አልነበረም። ግን አንድም ቦታ ላይ «መኪናህን ለውጠህ ከሆነ እነዚህን አምስት ነገሮች ይዘህ ና» የሚል ወረቀት አልተለጠፈም። ሁሉንም ያወቅሁት እየተመለስኩ ነው።

አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ከኋላዬ የቆሙ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጉዳዬን ሰምተው ሳቁብኝ። «አይ ልጄ! አንተ እኮ የተቸገርከው እውነቱን ስለተናገርክ ነው። ካሶኒውን ለምርመራው ቀን ብቻ መልሰህ ብትጭነው ኖሮ በግማሽ ቀን ይጨርሱልህ ነበር» አሉኝ። ጋሼ ቀልዳቸውን አልነበረም። እንዲህ የሚያደርጉ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ለምርመራ ቀን ጎማ የሚዋሱ ሰዎች ባሉበት አገር ካሶኒ መዋስም ይኖራል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። እውነቱን የሚናገር ሰው ዘጠኝ ወር የሚንከራተት፣ የሚደብቅ ሰው በግማሽ ቀን የሚጨርስ ከሆነ ሰዉን ምን እያስተማርነው ነው? ፈተና ላይ የሚኮርጅ ተማሪ አንደኛ የሚወጣበት ክፍል ውስጥ ስለ ሐቀኝነት ባስተምር ማን ይሰማኛል?

አንዳንዱ «መፍትሔው ቀላል ነው፤ አሮጌ መኪና ሁሉ ከመንገድ ይውጣ» ይላል። እሺ፣ በምን ይተካ? ባገለገሉ መኪኖች ላይ የተጣለው የኤክሳይስ ታክስ ከ2012 ጀምሮ ከባድ ነው። አዲስ የጭነት መኪና የሚገዛው ባንክ የሚያበድረው ሰው ነው። ወንድሜን ባንክ አያበድረውም። ደግሞ መለወጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። ከደሴ ወልድያ የምትሳፈሩበት ቅጥቅጥ ምንድነው? የአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ ቦዲ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። በሥርዓት ስለሚሠራና ስለሚመዘገብ ግን ሰሌዳ አለው፣ መድን አለው፣ ሕዝብ ይጭናል። ስለዚህ መንገዱ አለ ማለት ነው። አንድ መኪና ለሚለውጥ ድሃም ይከፈትለት ነው የምለው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የሚያስፈልጉት ሰነዶች ዝርዝር መስኮቱ ላይ ይለጠፍ። አንድ ገጽ ወረቀትና ማጣበቂያ ነው። ሁለተኛ፣ መለወጥ የሚፈልግ ሰው ብረት ከመቁረጡ በፊት ንድፉን አቅርቦ «ይሄ ያልፋል፣ ይሄ አያልፍም» የሚባልበት አሠራር ይኑር። ያኔ አንድ ባለሙያ አይቶት ቢሆን «መከፋፈያው የታል?» ብሎ በጠየቀን ነበር፤ የወንድሜም እግር ባልተሰበረ። ሦስተኛ፣ ሀገር ውስጥ ከወረደ መኪና ለተገዛ ሞተር፣ ስርቆት አለመሆኑ በፖሊስ ከተጣራ በኋላ የሚመዘገብበት ግልጽ መንገድ ይኑር። አራተኛው ለኢንሹራንሶች ነው፤ ከመፈረማችሁ በፊት ከቢሮ ወጥታችሁ መኪናውን እዩት። በስልክ አራት ፎቶ አንሱ። ፎርሙ ላይም በግልጽ ጠይቁ፤ «ይህ መኪና ከፋብሪካ ከወጣበት ተለውጧል ወይ? ምኑ?» እኔ እንዲያ ተብዬ ብጠየቅ ኖሮ እዋሽ ነበር? እንጃ። ግን ቢያንስ እየዋሸሁ መሆኑን አውቀው ነበር።

ለእኛ ለባለንብረቶቹ ደግሞ ይሄን ልበል። «ሁሉም እኮ እንዲህ ነው የሚሠራው» አትበሉ። ፈተና ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ሰማሁት መሰላችሁ! «ቲቸር፣ ሁሉም እየኮረጀ ነበር።» አዎ፣ የተያዝከው ግን አንተ ነህ። ሞተር ስትገዙ ደረሰኝና የወረደበትን መኪና ሊብሬ ቅጂ እዚያው ተቀበሉ፤ ነገ ሻጩን አታገኙትም። ቦዲ የሚሠራላችሁን ሰው ፈቃዱን ጠይቁት። ከለወጣችሁ በኋላ መጀመሪያ ሊብሬውን አስተካክሉ፣ ከዚያ ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ አስታውቁ፣ የገቢ ማህተም ያለበትን ቅጂ አስቀሩ። በቃል ነገርኩት ማለት አልነገርኩትም ማለት ነው። ዋጋውን በትክክለኛው ገበያ አስገምቱ፤ በየዓመቱም ከልሱት፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ዋጋ ዛሬ ዋጋ አይደለም። አባቶቻችን ቁጭ ብለው የሰቀሉት ቆሞ ለማውረድ ይቸግራል ይላሉ። እኔ ቁጭ ብዬ በአሥር ደቂቃ የሞላሁትን ፎርም ዘጠኝ ወር ቆሜ ማውረድ አቃተኝ።

አሁን የት ደረሳችሁ ለምትሉኝ፤ ቦቴው ፈቃድ ያለው ድርጅት ዘንድ ተከፍቶ ሦስት መከፋፈያ ገባለት። አጠር ተደርጎም ስለተቆረጠ አሁን ሙሉውን ቢሞላ እንኳ ከአቅሙ አያልፍም። ሊብሬው ተቀየረ፤ «ፈሳሽ ጭነት» ይላል፣ የሞተር ቁጥሩም ራሱ ነው። ለዚህ ሁሉ የእናቴ ወርቅ ተሽጧል፤ የእኔም ደመወዝ ገና ለዕቁብ እየተቆረጠ ነው። ወንድሜ ይራመዳል፤ ግን ፍሪሲዮን ደጋግሞ መርገጥ እንጂ ፍሬን አጥብቆ መርገጥ ያመዋል፤ ስለዚህ የሚነዳው ሌላ ሰው ነው። እሱ ጎኑ ጋቢና ይቀመጣል። ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ዝም ይላል ይላሉ።

ባለፈው መጋቢት ኢንሹራንሱ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ ፎርሙን ይዤ ግቢ ወጣሁ። መኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። የሞተር ቁጥሩን ከሞተሩ ላይ በባትሪ እያበራሁ አነበብኩ፣ የሻንሲውን ከሻንሲው ላይ። ሊብሬውን ያየሁት መጨረሻ ላይ ነው፤ ይገጥም እንደሆነ ለማረጋገጥ። ገጠመ።

ወንድሜ ከደረጃው ላይ ሆኖ እያየኝ «አሁን ገና አስተማሪ ሆንክ» አለኝ።

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ካወቃችሁ አድርሱለት። በምዝገባም ሆነ በኢንሹራንስ ቢሮ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እናንተ ደግሞ ያቺን አንድ ገጽ ዝርዝር ለጥፉልን። ከእናንተ የቤት ሥራ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ አይደለም። ቸር ያሰማን።